ዋጃ ላይ ያጠፋነው የሠርግ ቪዲዮ

ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ መምህርት ሃና ላፕቶፗን እንደ ሕፃን ታቅፋ ፎቶ ቤቴ ገባች። ልትሸጠው ነው። ገዢው የጎብዬ ሰው ነው፤ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ሊወስደው ተቀጣጥረዋል። «ሰብልዬ፣ ፎቶውን ቪዲዮውን ሁሉ አጥፍቼዋለሁ። የቆሻሻ ቅርጫቱንም ባዶ አድርጌዋለሁ። አንቺ ብቻ ለደንቡ ያህል አንዴ እይልኝ» አለችኝ።

እኔ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ «አጥፍቼዋለሁ» የሚል ሰው ሳይ ሳቄ ያመልጠኛል። ምን ላድርግ፣ አመል ነው። ሃና ተቀየመች። ቁጭ በይ አልኳትና የተሰረዘ ፋይል ፈልጎ የሚያወጣውን ፕሮግራም ከፈትኩላት። ያመጣችልኝን ትኩስ አምባሻ ቆርሰን ሳንጨርስ የልጇ ልደት መጣ፤ የመታወቂያዋ ፎቶ መጣ፤ በመጨረሻ ባለቤቷ በቁምጣ ሳሎን ውስጥ እስክስታ ሲመታ መጣ። «ውይ በሞትኩት!» ብላ ነጠላዋን ስክሪኑ ላይ ወረወረችው። ከዚያ ወዲያማ ማን ይያዘን፣ በሳቅ ሞትን።

ከዚያ ከሥሩ የሚያጠፋውን ፕሮግራም አስነሣሁላት፤ እንዲህ ያለ ዲስክ በትክክል እስኪጠፋ ጊዜ ይፈጃል። እስከዚያው ሃናን ያጫወትኳትን ነው እንግዲህ ለእናንተም የማወራችሁ።

ያኔ ሃያ ምናምን ዓመቴ ነው። እዚሁ ቆቦ ውስጥ ጋሽ ተካ ፎቶና ቪዲዮ ቤት እሠራ ነበር። ጋሽ ተካ ከዚያ በፊት ካሴት ቤት የነበራቸው ሰው ናቸው፤ ዘመኑ ሲለወጥ ካሴቱን ጓዳ አስገብተው ካሜራና ኮምፒውተር ገዙ። ቤቱ ዋናው አስፋልት ዳር ነበር። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፣ አቧራው ገብቶ የሙሽሮቹ ፎቶ ላይ ይተኛል። ጋሽ ተካ በላባ መጥረጊያ እያራገፉ ሾፌሩን ከነዘር ማንዘሩ ይረግሙታል። ሾፌሩ አላማጣን አልፎ ሄዷል፤ እርግማኑ ግን ገና መሀሉ ላይ ነው።

እኔን የቀጠሩኝ አንድ ችግር ስለነበረባቸው ነው። በሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሠርግ ጋሽ ተካ ዳሱን፣ ሙሽራውንና አጃቢውን ይቀርጻሉ። ሙሽሪት ያለችበት የሴቶቹ ክፍል ግን ወንድ አይገባም። እናቶቹ ደግሞ የልጃቸው ሂና፣ የልጃቸው ጥልፍ፣ የልጃቸው ጭፈራ እንዲቀረጽላቸው ይፈልጋሉ። ካሜራ የያዘች ሴት ስትገኝ ጊዜ ሠርጉ ሁሉ «ያቺን የተካን ልጅ ላኩልን» ሆነ። ልጃቸው አይደለሁም፤ ግን በዚያ ስም ከዋጃ እስከ ጎብዬ ታወቅሁ።

ወንዶች የሴቶች ክፍል ማለት ጸጥ ያለ፣ ዐይን የተሰበረበት ቦታ ይመስላቸዋል። አይ የዋሆች! በሩ ሲዘጋ ሻሹ ይወልቃል፣ በቅቤ የተሠራው ሹሩባ ይፈታል፣ ከበሮው ይነሣል። የራያ ሴት ስትጨፍር ወለሉ ይጠየቅ። ውጭ ላይ ቀና ብለው የማያዩሽ ሴቶች እዚያ ውስጥ የማያደርጉት ነገር የለም።

የለይላ ሠርግ ግን ከሁሉም ይለያል። ለይላ የእትዬ ዘይነባ ልጅ ናት። እትዬ ዘይነባን ቆቦ ገበያ ያየ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ማሽላና ጤፍ ነጋዴ ነበሩ። ሚዛናቸው ፊት ሲቆሙ አንዲት ፍሬ ሳያስቡ አይጥሉም፣ አንዲት ቃልም እንደዚያው። ባላቸው ሐጂ ኑሩ ደግሞ አገር የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። ክርስቲያን ከክርስቲያን ቢጣላ ሐጂ ኑሩ፣ ሙስሊም ከሙስሊም ቢጣላ ሐጂ ኑሩ፣ ባልና ሚስት ቢኳረፉ ሐጂ ኑሩ። ነጭ ጋቢ፣ ከዘራ፣ በሂና የቀላች ጢም።

በሠርጉ ቀን እትዬ ዘይነባ በሩ ላይ ያዙኝና «ስሚኝ ልጄ። ይኼን ወንድ ዐይን አያየውም። ለለይላ አንድ ሲዲ ትሰጫታለሽ፣ ሌላው ይጠፋል። ቃልሽን ስጪኝ» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ገባን።

ጭፈራው ሲደራ እትዬ ዘይነባ ከጥግ ተነሡ። የባላቸውን ጋቢ ደርበዋል፣ ከዘራ ይዘዋል። መሀል ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ምክንያቱም ያ አጠራረግ የሐጂ ነው! እንደገና ጠረጉ። የሌለ ጢም አሻሹ። ከዘራውን መሬት ላይ ተከሉና «እንግዲህ ልጆቼ…» አሉ በወፍራም ድምፅ። ከዚያ አገጫቸውን ከዘራው ላይ አስደግፈው ዐይናቸውን ከደኑ። ሁሉም ይጠብቃል። ሐጂ ተኝተዋል። ቀስ ብለው አንድ ዐይን ከፈቱና «ታረቃችሁ?» አሉ። የሙሽሪት አክስቶች ወለል ላይ ተንከባለሉ። እኔ ካሜራውን በሁለት እጄ ይዤ ከንፈሬን እየነከስኩ ቀረጽኩ፤ ምስሉ ግን ይንቀጠቀጣል፣ ሳቅ እኮ ትከሻን አያስቀምጥም።

ለለይላ ሲዲዋን ሰጠኋት፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውንም ሰረዝኩ። በኔ ቤት ነገሩ አበቃ።

ጊዜ አለፈ። ኮምፒውተራችን አርጅቶ ገና ሲከፈት እንደ ሽማግሌ ማሳል ጀመረ። ጋሽ ተካ አዲስ ገዙና አሮጌውን ዋጃ ላይ የዘፈን ቤት ለሚከፍት አስመላሽ ለሚባል ሰው ሸጡለት። ከመስጠታችን በፊት ስናጸዳ ሞትን። እኔ የቀረውን ሁሉ ሰረዝኩ፣ ቅርጫቱን ባዶ አደረግሁ፣ ፎርማትም አደረግሁት። ጋሽ ተካ ደግሞ አላመኑኝም። ከተቃጠለ ድምፅ ማጉያ ማግኔት ፈልቅቀው አወጡና ሣጥኑን፣ ወገቡ የታመመ ሰው እንደሚያሹ፣ ከላይ እስከ ታች አሹት። ካሴትን ማግኔት ያበላሸዋላ! ኮምፒውተሩ ላይ ግን ከቀለሙ በቀር የተፋቀ ነገር አልነበረም።

ወራት አልፈው ማሽላው መቅላት ሲጀምር፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ አስመላሽ ፊቱ እየበራ ቤታችን ገባ።

«የምሥራች!» አለ በሩ ላይ ቆሞ።

«ምስር ብላ!» አሉ ጋሽ ተካ።

«ከኮምፒውተራችሁ የጠፋባችሁን ሠርግ በሙሉ አገኘሁላችሁ!»

ወልድያ ያለ ጓደኛው የጠፋ ፋይል የሚያወጣ ፕሮግራም ሰጥቶታል። ለመሞከር ብሎ ቢያስኬደው የሁለት ሦስት ዓመት ሠርግ ተግተልትሎ ወጣለት። እኛ በድንገት ጠፍቶብን የምናለቅስ መስሎት ውለታ ሊውልልን መምጣቱ ነው። ስሙን አስቡት፤ አስመላሽ አስመለሰ።

«ከፍተህ አየኸው?» አልኩት።

«እዋይ! ለማየትማ ጊዜ የት አግኝቼ? ትንንሾቹን ሥዕሎች ብቻ ነው ያየሁ። ሐጂ ኑሩ አሉበት፤ ጋቢ ደርበው፣ ከዘራ ይዘው ሲያስታርቁ። ብቻ…» አለና ራሱን አከከ። «ብቻ ከጋቢው በታች ቀሚስ ነገር ለብሰዋል።»

ጋሽ ተካ ሳል ያዛቸው።

«ለሐጂም ነግሬያቸዋለሁ» አለ አስመላሽ ደስ ብሎት። «ዛሬ እኛ ዋጃ ናቸው፣ የተጣሉ አማቾች ሊያስታርቁ። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ መጥተው ሊያዩት ነው። ሽማግሌዎቹም አብረው ያያሉ። እኔ ብዘገይ ወንድሜ ይከፍትላቸዋል።»

«ደውልለት! እንዳይከፍት በለው!» ብዬ ጮህኩ። ደወለ። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ነው። ደግሞ ደወለ፤ ያችው ሴትዮ ደንበኛው አይገኝም ትላለች።

እንዴት እንደተረፈ ግራ ገብቶኝ ነበር። ፎርማት አድርጌዋለሁ እኮ! አስመላሽ ጓደኛው የነገረውን ነገረኝ። ኮምፒውተር ሰርዝ ሲባል የፋይሉን ስምና ያለበትን ቦታ ብቻ ነው የሚረሳው፤ ዕቃው ራሱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ተቀምጧል። ይኼን ስሰማ በራልኝ። እኔ ያደረግሁት የካሴቱን ወረቀት መላጥ ነበር እንጂ ዘፈኑ ውስጡ አለ። ካሴትን የሚያጠፋው ምንድን ነው? ሌላ ነገር ላዩ ላይ መቅዳት! ጋሽ ተካ የማይሸጥ ዘፈን ሲቀርባቸው የሬዲዮ ዜና ይቀዱበት አልነበር? ካሜራውን ከነኬብሉ አነሣሁ።

«ከኮምፒውተሩ ወደ ሌላ ነገር ገልብጠሃል?»

«አልገለበጥኩም፣ በልጆቼ!»

«በል ተነሥ።»

እትዬ ዘይነባ ግን መስማት ነበረባቸው። ቃሉ የተሰጠው ለእሳቸው ነው። ገበያ መሀል እየተጋፋሁ፣ በቲማቲምና በሽንኩርት ክምር መካከል፣ የግመል መንጋ እስኪያልፍ እየተቁነጠነጥኩ ደረስኩ። ለይላ ልጇን አዝላ አጠገባቸው ቆማለች። ጆሯቸው ላይ ነገርኳቸው። ማሽላ የያዘው ጣሳ አየር ላይ ቀረ።

«ሐጂ ሊያዩት ነው?»

«ከነሽማግሌዎቹ።»

«ያ ረቢ!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኔስ ይሳቅብኝ፣ ግድ የለም። ሐጂ ግን ሀብታቸው ተሰሚነታቸው ነው። የተጣሉ ሰዎች ፊት ቢሳቅባቸው ነገ ማን ይሰማቸዋል? ደግሞስ… ሚስቴ በሰው ፊት ታላግጥብኛለች ብለው ቢያዝኑብኝ? እኔ እኮ ስለምወዳቸው ነው እንዲህ አብጥሬ የማውቃቸው።»

ይኼን ሲሉ ያ ገበያ የሚያንቀጠቅጠው ፊታቸው የልጅ ፊት ሆነ። አንጀቴን በሉት። ሚዛናቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው ተነሡ። ወሬው በአጠገባቸው ላሉት ሴቶች ደረሰና «እኛም ጨፍረናል እኮ!» እያሉ ለይላና ሁለቱ አክስቶቿ ተከተሉን። አስመላሽ የመጣበትን ዕቃ ሳይገዛ በሴት ተከቦ ሚኒባስ ውስጥ ገባ። አንገቱን ደፍቶ ነው የሄደ፣ ያሳዝን ነበር።

መንገዱን አልረሳውም። የራያ ሜዳ በዚያ ወቅት እንዴት ያምራል! ግራ ቀኙ ማሽላ ነው፤ ራሱ ከብዶት ጎንበስ ብሏል። ማማ ላይ የወጡ ወፍ ጠባቂዎች ወንጭፋቸውን ሲያስጮኹ ወፉ እንደ ጭስ ይነሣና ራቅ ብሎ ያርፋል። ሴቶቹ መጀመሪያ ማሽላውን ብቻ ነበር የሚያዩት። ከዚያ አንደኛዋ አክስት «ግን እኔ ስንከባለል ቀሚሴ ተገልጦ ነበር?» አለች። ሁለተኛዋ «ተገልጦ ነበር እንዴ ትያለሽ? አስፋልቱ ድረስ እስኪታይ!» ብትላት ሚኒባሱ በሳቅ ተሞላ። ረዳቱ ምን እንደሚያስቀን ሳያውቅ አብሮ ሳቀ። እትዬ ዘይነባ ብቻ መስኮቱን እያዩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ላይ ናቸው።

ስንደርስ ቤቱ ሞልቷል። ወንዶቹ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል፣ ሐጂ ኑሩ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የአስመላሽ ወንድም ስክሪኑን በእጅጌው እየወለወለ ነው። ማውሱን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ እትዬ ዘይነባ ገቡ።

«ሐጂ!»

«ዘይነባ? ምነው በደኅና? ቤት ምን ሆነ?»

«ቤት ደኅና ነው። ይኼ ሣጥን ግን የሴቶች ክፍል ነው። የለይላ ሠርግ፣ የሴቶቹ ጭፈራ አለበት።»

ሐጂ ስክሪኑን አዩ። ሚስታቸውን አዩ። ሚስታቸውን እንደገና ቆየት ብለው አዩ። ከዚያ ከዘራቸውን አንሥተው ቆሙ።

«የሴት ገመና ያለበት ቤት ወንድ አይቀመጥም። ተነሡ!» አሉና ቀድመው ወጡ። አገሩ ሁሉ ተከትሏቸው ወጣ፤ ባለቤቱ አስመላሽም ከገዛ ሱቁ ወጣ። በሩን ዘጋን።

ልሰርዘው ስል ለይላ እጄን ያዘችኝ። የሰጠኋት ሲዲ ተጫጭሮ መክፈት ካቆመ ቆይቷል፣ ለማንም አልተናገረችም። «እማዬ፣ ከመጥፋቱ በፊት አንዴ ብቻ እንየው» አለች። አየነው። ለይላ በሂና የተሳለ እጇን ስትዘረጋ፣ አክስቶች ሲንከባለሉ፣ ጋቢው፣ ከዘራው፣ «ታረቃችሁ?»። እትዬ ዘይነባ ራሳቸውን ሲያዩ በሳቅ እንባቸው ፈሰሰ፤ «ምን ዓይነት ሸይጧን ሴት ናት!» ይላሉ ስክሪኑን እያመለከቱ።

«እማዬ፣ ይኼን አንድ ብቻ ተይልኝ። በሣጥን ቆልፌ አኖረዋለሁ» አለች ለይላ።

«ልጄ፣ እነሱም አጥፍተነዋል ብለው ነበር» አሉ እትዬ ዘይነባ ወደ እኔ እያዩ፣ ያለ ቂም። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ይኼም እንደዚያው ነው። እኔ የጨፈርኩት ለሠርግሽ ነው እንጂ ለሣጥን አይደለም። ጨፍሬልሻለሁ፣ አይተሻል። አጥፊው ሰብለ።»

ለይላ አለቀሰች። እኔም አልቅሻለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ። ግን ሰረዝኩት። ቀጥዬም ካሜራውን መስኮቱ ላይ ወደ ውጭ አዞርኩና በኬብል ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘሁት። ውጭ ያለውን እያነሣ ዲስኩ እስኪሞላ ይቅዳበት፤ ምን ቢሆን ምን ቸገረኝ፣ ከጭፈራው ላይ ይጻፍበት እንጂ።

ስክሪኑ ላይ የታየን የተባረሩት ወንዶች ነበሩ። ከሱቁ ፊት ለፊት ካለችው ግራር ሥር ተቀምጠው ጥንቅሽ እየላጡ ያኝካሉ፤ ያን ስኳር የመሰለ የማሽላ አገዳ። ሁለቱ የተጣሉ አማቾች በከብትና በማሳ ምክንያት ዓመት ሙሉ ሰላም አልተባባሉም፤ ጀርባ ለጀርባ ሆነው ነው የተቀመጡት። እርቁ እዚያው ግራር ሥር ተጀመረ።

ሐጂ ኑሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ክፍሉ ውስጥ ያለነው ተያየን። እንደገና ጠረጉ። ጢማቸውን አሻሹ። ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አክስቶች አብረዋቸው «እንግዲህ ልጆቼ…» አሉ። ቀጥሎም አገጫቸው ከዘራው ላይ አረፈና ዐይናቸው ተከደነ።

«ወላሂ፣ አንዲት አልጨመርኩበትም!» ብለው እትዬ ዘይነባ ጮኹ። እኛማ አለቅን። አንዷ አክስት አፏን በሻሽ ጠቀጠቀች። ውጭ ያሉት ወንዶች ወደ ሱቁ ዞረው «ምን ሆነው ነው?» ይባባላሉ።

ከዚያ የሆነውን ስናይ ግን ሳቃችን ቀስ በቀስ ቆመ። ሐጂን ላለመቀስቀስ ብለው አማቾቹ መንሾካሾክ ያዙ። ለመንሾካሾክ ደግሞ መጠጋት አለ። መጀመሪያ ጀርባቸውን፣ ቀጥሎ ትከሻቸውን አዞሩ። አንደኛው ጣቱን እየቀሰረ ሲያወራ ቆየ፤ ሌላኛው መለሰ። ቆይቶ ትልቁ ጥንቅሹን ለሁለት ሰብሮ ግማሹን ለታናሹ ዘረጋ። ሐጂ ይኼኔ አንድ ዐይናቸውን ከፈቱ።

ዲስኩ ሞልቶ ኮምፒውተሩ ቦታ የለኝም እስኪል ፀሐይዋ ዘንበል አለች። የአስመላሽን ፕሮግራም አስነሥቼ ፈልግ አልኩት። ፈለገ፣ ፈለገ፤ ከወንዶችና ከጥንቅሽ በቀር አንዲት ሹሩባ አላገኘም። «እሰይ!» አልኩ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

በሩን ስንከፍት ሐጂ ኑሩ ብቻቸውን ገቡ። «እኔ አለሁበት የተባለውን ልይ» አሉ። ግራር ሥር የተቀዳውን ከፈትኩላቸው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሰውዬው ራሳቸውን ሲያንቀላፉ ሲያዩ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ፣ ራቁ፣ ደግሞ ተጠጉ።

«እንቅልፍ ይመስላል አይደል?» አሉ በመጨረሻ። «ተኝቼ መሰላችሁ? ልጆቼ፣ ሽማግሌ እያየው የሚታረቅ ሰው የለም። ሁሉም ለእኔ ሊያሳምር ይከራከራል። ዐይኔን ስከድን ግን እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ።»

እትዬ ዘይነባ አፋቸውን ያዙ። ያን ሁሉ ዘመን አብረው ኖረው ይኼን አያውቁም ነበር።

«አንቺ ግን» አሉ ሐጂ ወደ እሳቸው ዞረው፣ «አስመላሽ ቀሚስ የለበሰ ኑሩ አየሁ ሲለኝ ማን እንደሆነች ያኔውኑ አወቅሁ። በሠርጉ ቀን ግድግዳው እስኪሰነጠቅ ስትስቁ ዳሱ ውስጥ ሰምቼ የለ? ዛሬ የመጣሁትም ሌሎቹን አስወጥቼ አንዴ ልየው ብዬ ነበር። ሰው ሁሉ የሳቀበትን እኔ ብቻ ሳላይ ልሙት?»

«ታዲያ ለምን ቀድመው ወጡ?»

«የሴት ገመና ነው አልሽኛ» አሉ ሐጂ። ይኼን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ትንሽ ቅር ያለው ሰው ነበር።

እትዬ ዘይነባ የባላቸውን ከዘራ ከእጃቸው ወሰዱ፣ ጋቢያቸውንም ከትከሻቸው ገፈፉ። «ሰብለ፣ ካሜራሽን ዝጊና ውጪ። እናንተም ውጡ» አሉን።

ወጥተን በረንዳው ላይ ከአማቾቹ አጠገብ ተቀመጥን። ጥንቅሽ ሰጡን። በሩ ተዘግቷል። መጀመሪያ የጉሮሮ ጠረጋ ተሰማ። ቀጥሎ ሌላ ጉሮሮ ጠረጋ፤ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አልቻልንም። ከዚያ ሐጂ ኑሩ ሳቁ። እኒያ የከበሩ ሽማግሌ ሲስቁ ዋጃ ሰምቶ አያውቅም ነበር፤ አማቾቹ ጥንቅሹን አፋቸው ውስጥ እንደያዙ ቀሩ። ሳቁ፣ ሳሉ፣ ደግሞ ሳቁ። ለይላ እጄን አጥብቃ ይዛ «ስሚ፣ ስሚ» ትለኛለች፣ እኔ እንዳልሰማ ሁሉ።

ይኼ ሁሉ ድሮ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አገራችን ብዙ አይታለች። ሐጂም እትዬ ዘይነባም፣ አላህ ይማራቸው፣ አልፈዋል፤ አንዱ ከሌላው ብዙም አልቆየም። ኮምፒውተሩም ተለውጧል። እንደ መምህርት ሃና ላፕቶፕ ያለውን አሮጌ ዓይነት ዲስክ ዛሬ በዜሮ ከላይ እስከ ታች የሚሞላ ፕሮግራም አለ፤ አዲሶቹ ደግሞ የራሳቸው ማጥፊያ ትእዛዝ አላቸው። ካሜራ መስኮት ላይ መትከል ቀርቷል። ሰዎች አሁንም ሰርዘው ብቻ ይሸጣሉ፣ እኔም አሁንም እስቃለሁ።

አንዳንድ ጊዜ ግን አይቆጨኝም ብል ውሸት ነው። ስንት የማይረባ ሠርግ በፍላሽ ሞልቼ አስቀምጫለሁ፤ የማንም አጎት ክትፎ ሲጎርስ አለኝ። እትዬ ዘይነባ ግን የሉኝም። ያን ቀን በጣቴ አንድ ነገር ተጭኜ ብገለብጠው ማንም አያውቅብኝም ነበር።

ባለፈው ወር ለይላ መጣች። ፀጉሯ ሸብቷል፣ አረማመዷ ቁርጥ እናቷን ሆኗል። ወንበር ላይ ተቀምጣ ብዙ ነገር ካወራን በኋላ፣ «ሰብለ፣ እውነቱን ንገሪኝ። የእማዬን ያን ጭፈራ አንድም ቦታ አላስቀረሽም? አልቆጣሽም» አለችኝ።

«አንድም ቦታ አላስቀረሁም ለይላዬ» አልኳት።

ዐይኗ እንባ ሞላ። ተስፋ አድርጋ ነበር፣ አየሁባት። ከዚያ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገችና ቀና አለች።

«እንግዲያው የልጄን ሠርግ የሴቶቹን ክፍል አንቺ ነሽ የምትቀርጪው። በር ላይ የሁሉንም ሞባይል እሰበስባለሁ፣ የእህቴንም አልምርም። አንቺ ብቻ ካሜራሽን ይዘሽ ትገቢያለሽ» አለችኝ።